ከማታው ደወል በኋላ፦ የሎዌል ከተማና ጸሐፊዎቿ

አቡጀዲ ያልገባበት የኢትዮጵያ ቤት ጥቂት ነው። የጭቃ ቤት ኮርኒስ በአቡጀዲ ይወጠራል፤ ፍራሽ በአቡጀዲ ይለበጣል፤ ሟችም በአቡጀዲ ይገነዛል። ይህ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ግን መነሻው የአገር ቤት ሸማኔ ጉድጓድ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት የሚነሡ የንግድ መርከቦች እንዲህ ያለውን ጨርቅ ጭነው ወደ ዛንዚባርና ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች ይመጡ ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ስሙ ራሱ «መሪካኒ» ተባለ። ወደ እኛም አገር በግመልና በበቅሎ ጀርባ ዘለቀ። በ1903 የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ለጉዞው ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ የአሜሪካ የጥጥ ጨርቅ ገበያ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያን ጨርቅ በማሳቹሴትስ የሸመነው ማን ነበር? በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት ከሸማኔዎቹ አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች የሆኑ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከፋብሪካ ከተሞቹ መካከል ስሟ የገነነው ደግሞ ሎዌል ናት። ዛሬ ሎዌል የቀድሞ ፋብሪካዎቿን በሙዚየምነት ጠብቃ ጎብኚ የምታስተናግድ ከተማ ናት። የዚህን መጽሔት አንባቢዎች በተለይ የሚመለከት ታሪክም አላት፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰባሰቡ የፋብሪካ ልጃገረዶች የጀመሩት የንባብና የጽሑፍ ክበብ ባሕር ተሻግሮ የተነበበ መጽሔት ወልዶባታል። ያ መጽሔት ምን እንደ ጻፈ፣ ምንስ ሳይጽፍ እንደ ቀረ ማወቅ ብዕር ለሚይዝ ወጣት ሁሉ ትምህርት አለው።

ወንዙና ፋብሪካው

የከተማዋ ስም የመጣው ከቦስተኑ ነጋዴ ከፍራንሲስ ካቦት ሎዌል ነው። ሎዌል በ1810 ወደ ብሪታንያ ሄደ። በዚያን ጊዜ ብሪታንያ የሽመና መኪናዎቿንም ሆነ ንድፋቸውን ከአገር ማውጣትን በሕግ ከልክላ ነበር። እርሱ ግን ፋብሪካዎቹን እየዞረ ተመለከተ፤ ያየውንም በአእምሮው ይዞ ተመለሰ። ከመካኒኩ ከፖል ሙዲ ጋር ሆኖ በ1814 ዋልተም በተባለች ከተማ በውኃ ኃይል የሚሠራ የሽመና መኪና አቆመ። ጥጡ በአንድ በር ጥሬውን ገብቶ በአንድ ጣሪያ ሥር ተፈትሎና ተሸምኖ፣ ጨርቅ ሆኖ የሚወጣበት ፋብሪካ ነበር። ሎዌል ግን ብዙ አልቆየም፤ በ1817 በ42 ዓመቱ ሞተ።

ባልንጀሮቹ የበለጠ ኃይል ያለው ውኃ ፍለጋ ወጡ። ከቦስተን በስተ ሰሜን የሜሪማክ ወንዝ ወደ 10 ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚወርድበትን የፓውተኬት ፏፏቴ አገኙ። ቦታው ያን ጊዜ የእርሻ መሬት ነበር። ከአየርላንድ የመጡ የቀን ሠራተኞች በዶማና በአካፋ የቀድሞውን ቦይ አሰፉ፤ አዳዲሶችንም ቆፈሩ። በ1823 የመጀመሪያው ፋብሪካ መሽከርከር ጀመረ። በ1826 መንደሯ የከተማነት ደረጃ አግኝታ «ሎዌል» ተባለች። በ1840 ከ20,000 በላይ ሕዝብ ይኖርባት ነበር፤ የቦዮቿም ርዝመት ሲደመር ወደ 9 ኪሎ ሜትር ደረሰ።

ፋብሪካው ቆመ፤ ሠራተኛውስ ከየት ይምጣ? የኒው ኢንግላንድ ገበሬዎች ስለ እንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞች ድህነትና ብልሹነት ሰምተዋል፤ ሴት ልጆቻቸውን እንዲህ ላለ ቦታ በቀላሉ አይሰጡም። ስለዚህ ባለ ንብረቶቹ ወላጆችን የሚያሳምን ሥርዓት ዘረጉ። ከፋብሪካዎቹ አጠገብ በጡብ የተሠሩ የማደሪያ ቤቶች አቆሙ። ቤቶቹን የሚያስተዳድሩት አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የበሰሉ፣ ብዙዎቹም ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች ነበሩ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በሩ ይዘጋል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ግዴታ ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ ራሱ የቅድስት አን ቤተ ክርስቲያንን አሠራ።

ልጃገረዶቹም መጡ። አንዷ የአባቷን የእርሻ ዕዳ ልትከፍል፣ ሌላዋ ወንድሟን በኮሌጅ ልታስተምር፣ ሌላዋም በገዛ እጇ ገንዘብ ልትይዝ መጣች። የምግብና የመኝታ ተቀንሶ በሳምንት 2 ዶላር ገደማ ይቀራቸው ነበር። ለብዙዎቹ የራሳቸው የሆነ የመጀመሪያ ገንዘብ ነው። በእኛ አገር ልማድ ጥጥ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ነው። በሎዌል ግን ፈታይዋም ሸማኔዋም ሴት ነበረች።

ደወሉ

በሎዌል ቀኑን የሚያዝዘው ደወል ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ይቀሰቅሳል፤ ለሥራ ይጠራል፤ ለቁርስና ለምሳ ለጥቂት ደቂቃ ይለቅቃል፤ ማታ ያሰናብታል። በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራ ነበር፤ የሳምንቱ ሥራ በአማካይ 73 ሰዓት ነው። ክሩ እንዳይደርቅና እንዳይበጠስ ሲባል መስኮቶቹ ይዘጋሉ። አየሩ እርጥብና ትኩስ ነው፤ የጥጥ ብናኝ ይበንንበታል። የመኪናዎቹ ጩኸት ደግሞ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው እንዳይሰማሙ ያደርጋል።

በዚህ ጩኸት መካከል ካደጉት አንዷ ሉሲ ላርኮም ናት። አባቷ ሲሞት እናቷ ልጆቿን ይዛ ወደ ሎዌል መጣች፤ ከኩባንያዎቹ ማደሪያ ቤቶች አንዱንም ማስተዳደር ጀመረች። ገቢው ግን ቤተሰቡን አልበቃም። ሉሲ በ11 ዓመቷ ፋብሪካ ገባች። ሥራዋ ክር የሞላባቸውን ማጠንጠኛዎች እያነሣች ባዶዎቹን መተካት ነበር።

በሥራ ሰዓት መጽሐፍ ማንበብ ክልክል ነው። ሉሲ ግን ከጋዜጣ የቆረጠቻቸውን ግጥሞች በምትሠራበት መስኮት ዳርና ዳር ለጠፈች፤ መኪናው ፋታ ሲሰጣት ቀና ብላ ታነባለች። ክልከላው መጽሐፍ ቅዱስንም ይጨምር ነበር። ልጃገረዶቹ ይህን ሊቀበሉ አልቻሉም። በሥራቸው ቦታ ካልሆነ ቃሉ የት ያስፈልጋቸዋል? ስለዚህ ይዘው ይገቡ ነበር፤ አለቃውም እያገኘ ይነጥቃል። ጠረጴዛው በመጽሐፍ ቅዱስ ተሞልቶ እንደ ነበር ላርኮም በኋላ በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ ታስታውሳለች። እርሷም ከተቀደደ አዲስ ኪዳን ጥቂት ገጾች በኪሷ ይዛ በመግባት ክልከላውን ታልፈው ነበር። ያቺ ልጅ አድጋ መምህርና በአገሯ የታወቀች ገጣሚ ሆነች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ካልሄድሽ የሚለው ኩባንያና ሰኞ መጽሐፍ ቅዱስሽን አምጪ የሚለው ኩባንያ አንድ ነው። ለባለ ንብረቶቹ ሃይማኖት ለመልካም ጠባይና ለሥራ ዲሲፕሊን ይጠቅማል፤ የሥራውን ሰዓት ሲነካ ግን ቦታ የለውም። ልጃገረዶቹ እምነታቸውን እንዲህ ከፍለው አልያዙትም ነበር።

«የሎዌል መባ»

ማታ ደወሉ ሲለቅቃቸውና እራት ሲበላ፣ በሩ እስኪዘጋ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይቀራል። ከ12 ሰዓት በላይ የቆመ ሰው በዚህ ጊዜ ቢተኛ ማንም አይፈርድበትም። ብዙዎቹ ግን በኅብረት መጻሕፍት ይከራዩ፣ ትምህርታዊ ንግግሮችን ይከታተሉ፣ እርስ በርስ ደብዳቤ መጻፍ ይለማመዱ ነበር።

በከተማዋ የሁለተኛው ዩኒቨርሳሊስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ የነበሩት ኤብል ቶማስ ይህን ፍላጎት አይተው ልጃገረዶቹን በጽሑፍ ክበብ አሰባሰቡ። የክበቡ አባላት የጻፉትን ያመጣሉ፤ ይነበባል፤ ይታረማል። ከቀረቡት መካከል የተሻሉት ተመርጠው በጥቅምት 1840 ታተሙ። የመጽሔቱ ስም «ሎዌል ኦፈሪንግ» ነው፤ በእኛ ቋንቋ «የሎዌል መባ» ልንለው እንችላለን። ከ1842 ጀምሮ አዘጋጅነቱን ራሳቸው የፋብሪካ ሠራተኛ የነበሩት ሃሪየት ፋርሊና ሃሪየት ከርቲስ ተረከቡት። ግጥም፣ አጫጭር ታሪክ፣ የገጠር ትዝታ፣ የሃይማኖት ሐሳብ፣ የማደሪያ ቤት ወግ ያወጣ ነበር። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች የሚፈርሙት በብዕር ስም ነው።

በ1842 እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ ሎዌልን ጎበኘ። በዚያው ዓመት ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ የአገሩን ሰዎች እጅግ የሚያስደንቁ ያላቸውን ሦስት ነገሮች ዘረዘረ፦ በብዙ ማደሪያ ቤቶች ፒያኖ አለ፤ ልጃገረዶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተዘዋዋሪ ቤተ መጻሕፍት ደንበኞች ናቸው፤ የራሳቸውም መጽሔት አላቸው። በ1844 ከመጽሔቱ የተመረጡ ጽሑፎች «አእምሮ በእንዝርቶች መካከል» በሚል ርዕስ ለንደን ላይ በመጽሐፍ ወጡ። የፋብሪካ ሴት ማሰብና መጻፍ አትችልም ለሚል ሁሉ መልሱ ታትሞ ተቀመጠለት።

መጽሔቱ ያላለው

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ በሰኘን። ነገር ግን ከደመወዛቸው ጀምሮ በሎዌል ብዙ ያልተስማማ ነገር ነበር። በ1834 ኩባንያዎቹ ክፍያ ሊቀንሱ ሲነሡ 800 ያህል ሴቶች መኪናቸውን አቁመው ወጡ። በ1836 የማደሪያ ክፍያ ሲጨመር የወጡት ከዚያ ይበልጣሉ። የዚያን ቀን የ11 ዓመቷ ሃሪየት ሃንሰን በምትሠራበት ክፍል ትልልቆቹ ሴቶች ሲያመነቱ አየች፤ ሌላ ሰው ቢወጣም ባይወጣም እኔ እወጣለሁ ብላ ቀደመች። ዞር ስትል የክፍሉ ሠራተኞች ተከትለዋታል። ዋጋውን የከፈለችው ግን እናቷ ናት። ባሏ የሞተባት ይህች ሴት ልጇን አልተቆጣጠረችም ተብላ ከማደሪያ ቤት አስተዳዳሪነቷ ተባረረች።

«የሎዌል መባ» ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓት አጥብቆ ከመናገር ይቆጠብ ነበር። አዘጋጆቹ እነዚህ ነገሮች ከእጃችን ውጭ ናቸው፤ የእኛ ድርሻ የሠራተኛዋን አእምሮና ክብር ማሳየት ነው የሚል አቋም ነበራቸው። በዚህ ያልተስማማችው ሣራ ባግሊ ናት። ባግሊ በ1837 ወደ ሎዌል መጥታ ሸማኔ የሆነች፣ በመጽሔቱም መጀመሪያ ዓመት ስለ ፋብሪካ ሕይወት ደስታ የጻፈች ሰው ነበረች። ዓመታት ሲያልፉ ግን መኪናዎቹ ፈጠኑ፤ ለአንዲት ሴት የሚሰጠው መኪና በዛ፤ ክፍያው ግን በዚያ ልክ አላደገም። ባግሊ ባልንጀሮቿን አስተባብራ የሎዌል ሴቶች የሥራ ማሻሻያ ማኅበርን መሠረተች። የሥራ ቀን በ10 ሰዓት እንዲወሰን ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት አቤቱታ ቀረበ። በ1845 ከ2,000 በላይ ፊርማ ተሰብስቦ፣ ባግሊና ሌሎች ሴቶች በኮሚቴ ፊት ቀርበው መሰከሩ። ኮሚቴው ችግር መኖሩን ቢቀበልም መፍትሔው የእኛ ሥልጣን አይደለም ብሎ ዘጋው።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ባግሊ በአደባባይ ቆማ መጽሔቱ የኩባንያዎቹ አፍ ሆኗል፤ የነቀፌታ ጽሑፌንም አላወጣም ስትል ከሰሰች። ፋርሊ ክሱን አስተባበለች፤ የሠራተኛዋን ስም ማስከበር ኩባንያን ማገልገል አይደለም ብላ ተከራከረች። ሁለቱም ያሉት ውስጥ እውነት አለ። ያለ ፋርሊ መጽሔት የእነዚያን ልጃገረዶች ድምፅ ዛሬ አንሰማም ነበር። ያለ ባግሊ ደግሞ የምንሰማው ግማሹን ብቻ ይሆን ነበር። አንባቢዎቹ እየቀነሱ ሄደው መጽሔቱ በታኅሣሥ 1845 ቆመ። የ10 ሰዓት ሕግ በማሳቹሴትስ ለሴቶችና ለሕፃናት የወጣው በ1874 ነው። ያን ጊዜ በ1845 የመሰከሩት ሴቶች ከፋብሪካው ከወጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

ጥጡን የለቀመው ማን ነው?

ከዚህ ጥያቄ ሎዌልን የሚያስመልጣት የለም። በፋብሪካዎቹ የሚገባው ጥጥ የሚመጣው ከደቡባዊ አሜሪካ ነው። እዚያ የሚለቅሙት ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ በባርነት የተያዙ ወንዶችና ሴቶች ነበሩ። በሎዌል ከሚሸመነው ውስጥ ሻካራው ጨርቅ ደግሞ ተመልሶ ለእነርሱው ልብስ ይሸጥ ነበር። በደቡብ የባሪያ ልብስ የሚሰፋበት ጨርቅ ስሙ ራሱ «ሎዌል» እስከ መባል ደረሰ። በባርነት የተወለዱ አረጋውያን ከነፃነት ብዙ ዓመት በኋላ የልጅነት ልብሳቸውን ሲያስታውሱ ይህን ስም ይጠሩ ነበር።

ከልጃገረዶቹ አንዳንዶቹ ይህን አልዘነጉትም። በከተማዋ የሴቶች ፀረ ባርነት ማኅበር ተቋቋመ፤ ፊርማም ተሰበሰበ። ሉሲ ላርኮምም በኋላ በጻፈችው አንድ ግጥም፣ ወንዝ ዳር የምትሸምን ሴት ጥጡን ስለ ለቀሙት ጥቁር እህቶቿ ስታስብ ታሳያለች። ስለ ራሱ ድካም ብቻ የሚያለቅስ ሰው ብዙ ነው፤ ክሩን ተከትሎ የሌላውን ሸክም የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

ሎዌልን ዛሬ ለሚጎበኝ

ከ1840ዎቹ ወዲህ የገበሬዎቹ ልጆች ቀስ በቀስ ለቀቁ። በቦታቸው አየርላንዳውያን፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን፣ ግሪኮች፣ ፖርቱጋሎች፣ ፖላንዳውያን ገቡ። በ20ኛው መቶ ዘመን የጥጥ ሥራ ወደ ደቡብ ሲሸሽ ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ፤ አንዳንዶቹም ፈረሱ። የቀሩትን ግን የከተማዋ ሰዎች አዳኗቸው። በ1978 የአሜሪካ ምክር ቤት የሎዌል ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክን በሕግ አቋቋመ።

በቦስተን አካባቢ የምትኖሩ ወገኖቻችን ከሰሜን ጣቢያ በባቡር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ትደርሳላችሁ። መጀመሪያ መታየት ያለበት የቡት ጥጥ ፋብሪካ ሙዚየም ነው። በምድር ቤቱ ፎቅ 88 የሽመና መኪናዎች ተደርድረዋል፤ የተወሰኑት ሲንቀሳቀሱ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ለጎብኚ የጆሮ መድፈኛ ይሰጠዋል፤ ልጃገረዶቹ ግን ይህን አላገኙም። በአቅራቢያው በሚገኝ የቀድሞ ማደሪያ ቤት ወጥ ቤቱን፣ የምግብ አዳራሹንና ጠባቡን መኝታ ክፍል ማየት ይቻላል። በበጋ ወራት ጀልባዎች ጎብኚን በቦዮቹ ላይ ይዘው ይሄዳሉ። በመንገዱ ላይ መሐንዲሱ ጄምስ ፍራንሲስ በ1850 ያሠራው ትልቅ የእንጨት መዝጊያ አለ። ሲሠራ «የፍራንሲስ ሞኝነት» ብለው ሳቁበት። በ1852 ወንዙ ሲሞላ ወርዶ ከተማዋን ከጥፋት አዳነ፤ በ1936 ደግሞ እንደገና።

የሐምሌ የመጨረሻ ሳምንት መጨረሻ የሕዝብ ሙዚቃ በዓል ይከበራል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከአገራቸው እልቂት ያመለጡ ካምቦዲያውያን በብዛት ሰፍረውባታል፤ ምግብ ቤቶቻቸውና ሱቆቻቸው የከተማዋን መልክ ቀይረዋል። ዛሬ ከ115,000 በላይ ነዋሪ አላት።

የቅድስት አን ቤተ ክርስቲያን አሁንም በቦታዋ አለች። ከአጠገቧ፣ በቦዩ ዳር ሣርና ዛፍ ያለበት ጠባብ መናፈሻ ይገኛል። መናፈሻው የሚጠራው በባለ ንብረት ስም አይደለም፤ «የሉሲ ላርኮም መናፈሻ» ነው። በመስኮት ላይ ግጥም ትለጥፍ የነበረችው ልጅ!

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ሎዌልን ለማወቅ ባሕር መሻገር ለሁላችን አይሆንልንም፤ ነገር ግን ጉዳዩ ከደጃችን ሩቅ አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ፣ ከየገጠሩ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ለሥራ መጡ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት ይከራያሉ፤ በፈረቃ ይሠራሉ፤ ለቤተሰብ ይልካሉ። በ2022 አሜሪካ ለኢትዮጵያ የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ ገበያ ስታቋርጥ ብዙዎች ሥራቸውን አጡ። ከእነዚህ ወጣቶች አንዳንዶቹ እሑድ በየቤተ ክርስቲያናችን ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ድካም ስለሚጥላቸው በስብከት መካከል ያንቀላፋሉ፤ እኛም አንዳንዴ በዚህ እንፈርድባቸዋለን።

የወጣቶች ኅብረታችን የጽሑፍና የንባብ ፕሮግራም ሲያወጣ ፈረቃቸውን ጠይቆ ያውቃል? በመጽሔታችን ላይ የእነርሱ ብዕር አለ? ቢጽፉስ የምንቀበለው ስለ ጸሎት መልስ የጻፉትን ብቻ ነው ወይስ ስለ ኪራይና ስለ ደመወዝም የጻፉትን? ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 5፣ የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ስለሚያሰማው ጩኸትና ጩኸቱ ወደ ማን ጆሮ እንደሚደርስ ጽፏል። እንዲህ ያለው ቃል በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ ካገኘ፣ በእኛ መጽሔት ገጾች ላይ ቦታ የሚያጣበት ምክንያት የለም።

መጋቢ ቶማስ አንድ መልካም ነገር አደረጉ፤ ከሥራ ለደከሙ ልጃገረዶች የማታውን ሰዓት፣ አዳራሽና አድማጭ ሰጡ። ይህን ማድረግ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ የሚቀረው፣ የሚጽፉትን ሙሉውን ለመስማት ጆሮ ማዘጋጀት ነው።